ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ የተገናኙት ሁለት እንግዶች

በ1649 ዓ.ም. አንድ የ25 ዓመት ጀርመናዊ ወጣት ሮም ገባ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመጣው ለኢትዮጵያ ጉዳይ አልነበረም። ፓሪስ የተቀመጠው የስዊድን መልእክተኛ ባሮን ሮዘንሃነ ነው የላከው፤ ከመቶ ዓመት በፊት ሮም ላይ የሞቱት የስዊድን ሊቀ ጳጳስ ዮሐንስ ማግኑስ ትተዋቸዋል የተባሉ ሰነዶችን ፈልጎ እንዲያመጣ። ነገሩ ተራ የቢሮ ሥራ ነው። የንግሥት ክርስቲና መንግሥት የጠፋ ወረቀቱን ይፈልጋል፣ ወጣቱም እንጀራውን። ስለዚያ ሰነድ ዛሬ እንቅልፍ የሚያጣ ሰው የለም። ወጣቱ ግን በዚያው ሰሞን፣ ከዋናው ሥራው ውጭ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ወዳለ አንድ ቤት ጎራ አለ። አማርኛ የመጀመሪያውን የታተመ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ያገኘው በዚያ ጉብኝት ምክንያት ነው።

የወጣቱ ስም ሂዮብ ሉዶልፍ ይባላል። «ሂዮብ» ጀርመኖች ኢዮብን የሚጠሩበት ስም ነው። የተወለደው በ1624 ኤርፉርት ከተማ ሲሆን ያኔ የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ከተቀጣጠለ ስድስት ዓመቱ ነበር። ልጁ ሰባት ዓመት ሲሞላው የስዊድን ጦር ከተማዋን ያዘ። ጦርነቱ በ1648 ሲያበቃ 24 ዓመቱ ነው፤ ሰላም የሚባለውን ነገር እስከዚያ ድረስ የሚያውቀው በወሬ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ሁሉ መሀል የያዘው ሱስ ቋንቋ ነው። ላቲንና ግሪክ የዘመኑ ተማሪ ሁሉ ግዴታ ናቸው። እሱ ግን ዕብራይስጡን፣ ዐረብኛውን፣ ሱርስቱን ሁሉ እየቀማመሰ ሄዶ ግዕዝ ላይ ተጣበቀ። ግዕዝ የሚናገር አስተማሪ አላገኘም። እጁ የገቡትን ጥቂት መጻሕፍት ፊቱ ዘርግቶ፣ ቃል ከቃል እያመሳከረ፣ ብቻውን ነው የተማረው። ስለዚህ ሮም ሲገባ ግዕዝ ማንበብ ይችላል፤ ከኢትዮጵያዊ አፍ ሲነገር ግን ሰምቶት አያውቅም።

የገባበት ቤትም የራሱ ታሪክ ያለው ነው። ሳንቶ ስቴፋኖ ይባላል፤ የሐበሾች እስጢፋኖስ። በ15ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስጦስ 4ኛ ለኢትዮጵያ ተሳላሚዎች የሰጡት ማረፊያ ነው። ከኢየሩሳሌም ተሻግረው የሚመጡ መነኮሳት እዚያ ያድራሉ፣ ይጸልያሉ፣ አንዳንዶቹም እዚያው ያረጃሉ። ከሉዶልፍ በፊትም አንድ ሌላ ጀርመናዊ በዚህ ቤት ዙሪያ ሲያልፍ ተይዟል። በ1511 ዮሐንስ ፖትከን የተባለ የኮሎኝ ቄስ ሮም ውስጥ እነዚህ መነኮሳት በማያውቀው ቋንቋ ሲያዜሙ ሰማ። ከዜማው መሀል የማርያም ስምና የሐዋርያት ስም ጆሮው ላይ ጥልቅ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ተገርሞ መንገዱን ይቀጥል ነበር። ፖትከን ቆመ፣ ጠየቀ፣ ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ተማረ፤ በ1513 መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። በግዕዝ ፊደል በማተሚያ ቤት የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይኸው ነው። ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ መጥራቱ በጊዜው ይቅር የሚባል ስህተት ነው።

በ1548 እና 1549 ደግሞ እዚያው የሚኖሩት አባ ተስፋ ጽዮን ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። ከእሳቸው የተማረው ጣሊያናዊው ማሪያኖ ቪቶሪ በ1552 የግዕዝ ሰዋስው አወጣ። እንግዲህ የኤርፉርቱ ልጅ በጦርነት መሀል ሲያገላብጣቸው የነበሩት መጻሕፍት ሥራቸው ቢመዘዝ መድረሻቸው ይኸው ቤት ነው። ሳያውቀው የዚያ ቤት ተማሪ ሆኖ ነው ያደገው።

ሉዶልፍ ሲገባ አራት ኢትዮጵያውያን አገኘ። የግዕዝ መጽሐፍ ተሰጥቶት ማንበብ ሲጀምር ሳቁበት። ቢስቁም አይፈረድባቸውም፤ ፊደሉን ከወረቀት ብቻ የተማረ ጀርመናዊ «ጸ» እና «ጠ»ን እንዴት አድርጎ እንደሚላቸው መገመት አያዳግትም። ያነበበውን መተርጎም ሲጀምር ግን ሳቁ በአድናቆት ተተካ። ማንም ያላስተማረው፣ አገራቸውን ያላየ ሰው፣ የመጽሐፋቸውን ምሥጢር ይፈታል! ወዳጅነቱ የተጀመረው በዚያ ሳቅ ነው። ሉዶልፍ ባይደፍር ኖሮ፣ ወይም ሲሳቅበት ከፍቶት መጽሐፉን አጥፎ ቢወጣ ኖሮ፣ የሚተረክ ታሪክ አይኖርም ነበር። ሊቅ ነኝ የሚል ሰው ፊቱ ሲሳቅበት መቆየቱ ቀላል ነገር አይደለም።

ከአራቱ አንዱ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። የአምሓራ አገር ሰው፣ የመካነ ሥላሴ ተወላጅ፣ በዕድሜ ለሉዶልፍ አባት የሚሆኑ። እሳቸውም የሃይማኖት ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰው ነበሩ። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በአደባባይ ተቀበሉ፤ ከአሥር ዓመት ደም መፋሰስ በኋላ በ1632 ሃይማኖቱን ወደነበረበት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ኢየሱሳውያኑ ተባረሩ። ከእነሱ ጋር የወገኑ ኢትዮጵያውያን ወይ ተመለሱ፣ ወይ ተደበቁ፣ ወይ አገር ጥለው ወጡ። አባ ጎርጎርዮስ ከወጡት ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። በዚያች ክፍል ውስጥ የተቀመጡት ሁለቱ ሰዎች በዘመኑ ሕግ ጠላቶች ናቸው። አንዱ ሉተራዊ ነው፤ አገሩን ለሠላሳ ዓመት ያነደደው የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ጠብ ከበረደ ገና አንድ ዓመቱ። ሌላኛው በካቶሊክነታቸው ምክንያት የተሰደዱ መነኩሴ ናቸው፤ ያረፉትም በሮማው ጳጳስ ጥላ ሥር ነው። የተገናኙት ደግሞ በጠቡ ማእከል፣ በራሷ በሮም ነው። ለመጣላት ከበቂ በላይ ምክንያት ነበራቸው። ሉዶልፍ ግን የጠየቀው ስለ ቃላት፣ ስለ አገር፣ ስለ ወንዝና ስለ እንስሳ ነው። አባ ጎርጎርዮስም መለሱ።

የተነጋገሩበት መንገድ ራሱ ያስደንቃል። መጀመሪያ በተሰባበረ የአውሮፓ ቋንቋና በአስተርጓሚ ሞከሩት፤ አልመች ሲላቸው ወደ ግዕዝ ዞሩ። ግዕዝ ደግሞ ለሁለቱም የአፍ መፍቻ አይደለም። አንዱ በመጻሕፍት ብቻ ያውቀዋል፣ ሌላኛው በቅዳሴና በንባብ። ሁለት ሰዎች በሕይወታቸው ለወሬ ተጠቅመውበት በማያውቁት ቋንቋ ወዳጅ ሆኑ። ሉዶልፍ ዋናውን ትምህርት ያገኘውም ከዚህ ነው። ለካ ይህ ለዓመታት የለፋበት ቋንቋ በገበያና በቤተ መንግሥት የሚነገር አይደለም፤ ልሳነ መጽሐፍ ነው። ሰው የሚስቅበት፣ የሚከራከርበት፣ ንጉሡ የሚያዝበት ሌላ ቋንቋ አለ፤ ልሳነ ንጉሥ፣ አማርኛ። አባ ጎርጎርዮስ የአምሓራ ሰው ስለነበሩ ያንንም ያስተምሩት ጀመር። በዚያ ቀን ከትግራይ የመጣ ወይም ከሌላ አገር የመጣ መነኩሴ አጋጥሞት ቢሆን ኖሮ የአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። አጋጣሚ ይህን ያህል ጉልበት አለው።

ሉዶልፍ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በግዕዝ ይጻጻፉ ነበር። ከደብዳቤዎቹ የተረፉትን ዮሐንስ ፍሌሚንግ የተባለ ጀርመናዊ በ1890 እና 1891 አሳትሟቸዋል። ሉዶልፍ በጎታው መስፍን በኤርንስት ቤት ሥራ ሲይዝ ስለ ወዳጁ አወራ። መስፍኑ «ጻድቁ» የሚል ቅጽል የተሰጠው፣ ለሃይማኖትና ለትምህርት የሚጨነቅ ሰው ነበርና ይምጡ አለ። በ1652 አባ ጎርጎርዮስ የአልፕስን ተራሮች ተሻግረው ጀርመን ገቡ። ጎታ የቆዩት በአውሮፓውያን በጋ፣ ማለትም እኛ ክረምት በምንለው ወራት ነው። መስፍኑና አማካሪዎቹ በጥያቄ አጣደፏቸው። ጥምቀታችሁ እንዴት ነው? ጾማችሁስ? ስለ ቅዱሳን ምን ትላላችሁ? ንጉሣችሁ እንዴት ይፈርዳል? መልሱ እየተጻፈ ተያዘ። ሉተራውያኑ በልባቸው አንድ ምኞት ነበራቸው፤ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሮም ውጭ የኖረች ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን ናትና የራሳቸው ምስክር ሆና እንድትገኝላቸው። አባ ጎርጎርዮስ ግን ለማንም ምስክር ሊሆኑ የመጡ አይመስልም። የሚያውቁትን ተናገሩ፤ ብርዱ ሳይበረታ ወደ ሮም ተመለሱ።

ቀጥሎ የሆነውን ከዚህ ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው። ጎታው መስፍን በወሬው ልቡ ተነክቷልና ወደ ኢትዮጵያ መልእክተኛ መላክ ፈለገ። አሁን ነገሩ የአጋጣሚ አይደለም፤ በጀት አለው፣ ዕቅድ አለው፣ የተመረጠ ሰው አለው። የተመረጠውም የሉዶልፍ ተማሪ የነበረው ቫንስሌብ ነው። ይህ ሰው ቀደም ብሎ ለንደን ተልኮ የሉዶልፍን የግዕዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661 ሲያሳትም በስህተት የተሞላ ሥራ አስረክቦ መምህሩን ያበሳጨ ነው። ያም ሆኖ በ1663 ወደ ኢትዮጵያ ተላከ። ግብፅ ደረሰ፤ ከዚያ አላለፈም። የመስፍኑን ገንዘብ ጨርሶ፣ ወደ ጎታ መመለሱን ትቶ ሮም ሄደና ካቶሊክ ሆኖ የዶሚኒካን መነኩሴነት ገባ። ሉዶልፍ ራሱም በ1683 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ከኢትዮጵያ ጋር ኅብረት እንዲመሠረት፣ በቱርኮች ላይ እንዲተባበሩ ለማግባባት ደክሟል። ያም ከንቱ ቀረ። የታቀደው ሁሉ ፈረሰ፤ ሳይታቀድ የተጀመረው ፍሬ አፈራ። መንግሥታት ዛሬም ለ«ሕዝብ ለሕዝብ ግንኙነት» ጽሕፈት ቤት ያቋቁማሉ፣ ልዑካን ይልካሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ። አይጠላም። ነገር ግን የሚዘልቀው የትኛው እንደሆነ የጎታ ታሪክ ጥሩ አስተማሪ ነው።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ጉዞ የጀመሩት በስተርጅና ነው። በ1658 መርከባቸው በሶርያ ጠረፍ፣ እስክንድሩን በሚባለው ወደብ አቅራቢያ ተሰበረች፤ እሳቸውም ሰጠሙ። መካነ ሥላሴን ዳግመኛ አላዩም።

ሉዶልፍ ከዚያ በኋላ 46 ዓመት ኖረ፤ የዚያች ወዳጅነት ዕዳ ሲከፍል የኖረ ይመስላል። በ1681 «የኢትዮጵያ ታሪክ» የተባለውን በላቲን የተጻፈ መጽሐፉን አሳተመ፤ በዓመቱ በእንግሊዝኛ ወጣ። መጽሐፉ አራት ክፍል ነው፤ ስለ ምድሪቱና ስለ ሕዝቡ፣ ስለ መንግሥቱ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ስለ ኑሮው። ለዘመናት አውሮፓን ሲያናፍል የኖረውን የ«ካህኑ ዮሐንስ» ተረት ገለል አድርጎ፣ እውነተኛ ሰዎች የሚኖሩበት እውነተኛ አገር አሳየ። ከየት አገኘህ ለሚሉት የምንጩን ስም አልደበቀም፤ ጎርጎርዮስ ነገሩኝ እያለ በስማቸው ይጠቅሳል። በ1691 ባወጣው የዚሁ መጽሐፍ ማብራሪያ የአባ ጎርጎርዮስ ምስል ተቀርጾ ታትሟል፤ ከሞቱ 33 ዓመት በኋላ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ–ላቲን መዝገበ ቃላት ፍራንክፈርት ላይ አሳተመ። ያኔ 74 ዓመቱ ነው። ከመምህሩ ከሰማቸው ቃላት አብዛኞቹን ለአርባ ዓመት በላይ ይዟቸው ቆይቷል ማለት ነው።

ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ሲወርድ የሉዶልፍን መጻሕፍት አጥንቶ ነው የመጣው። አውጉስት ዲልማን በ1857 የግዕዝ ሰዋስዉን፣ በ1865 ታላቁን መዝገበ ቃላት ሲያወጣ የቆመው ሉዶልፍ ባነጠፈው ላይ ነው። ለአማርኛም ቢሆን ኢዘንበርግ በ1841 አዲስ መዝገበ ቃላት እስኪያትም ድረስ ከመቶ አርባ ዓመት በላይ የፈረንጅ መንገደኛ ሁሉ የሚያገላብጠው የሉዶልፍን ነበር።

እርግጥ ነገሩን አለቅጥ ማስጌጥ አይገባም። ወዳጅነቱ እኩል አልነበረም። አንዱ ወጣት፣ አገርና ደመወዝ ያለው፤ ሌላኛው ሽማግሌ፣ ስደተኛ፣ የሰው ቤት እንግዳ። በመጻሕፍቱ ሽፋን ላይ የሰፈረው የሉዶልፍ ስም ብቻ ነው። ዛሬ በዩኒቨርሲቲዎች «የኢትዮጵያ ጥናት አባት» የሚባለው እሱ ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ «መረጃ አቀባይ» ተብለው ይታለፋሉ። ይህ ስም አይመጥናቸውም። ያለ እሳቸው ሉዶልፍ ብዙ መጽሐፍ ያነበበ አንድ ሌላ ጀርመናዊ ነው። ሆኖም ከዘመኑ ሰዎች ጋር ሲመዘን ሉዶልፍ የመምህሩን ስምና መልክ ለትውልድ ማቆየቱ መነገር አለበት፤ ከእሱ በኋላ የመጡ ስንቶች ከኢትዮጵያውያን ደብተራዎች ተምረው፣ የደብተራውን ስም እንኳ ሳይጠቅሱ ሊቅ ተብለዋል።

በኢትዮጵያ ገጠር የመሸበት መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ» ሲል «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባል ነበር። ስምና አገር የሚጠየቀው እግር ታጥቦ፣ ራት ከተበላ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ትልቅ ጥበብ አለው፤ መጀመሪያ ሰውነቱ፣ ወገኑ ኋላ። ዛሬ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። በአውቶቡስ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች «የት ነው አገርህ?» የሚለውን ጥያቄ እንደ ኬላ ፍተሻ ይፈሩታል፤ ጠያቂው ለወሬ ማሟሻ ቢለውም ተጠያቂው ከመልሱ በፊት የጠያቂውን አነጋገር ይመዝናል። አንዳንዱ ጆሮው ላይ ማዳመጫውን ሰክቶ ከነገሩ ሁሉ ይገላገላል። እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ብዙ ሰው በመልሱ ምክንያት የደረሰበትን ያውቃል። ነገር ግን ሉዶልፍና አባ ጎርጎርዮስም ከባሰ ዘመን ነው የመጡት። የዘመናቸውን ጥያቄ ቀድመው ተጠያይቀው ቢሆን ኖሮ ንግግሩ በመጀመሪያው ደቂቃ ያበቃ ነበር።

አማርኛ እንዲህ ያለ ዕድል ሁለተኛ ጊዜም ገጥሞታል፤ ይህኛው ካይሮ ላይ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንድ የጎጃም ሰው፣ ስማቸው አብርሃም፣ በግብፅ አቡ ሩሚ የሚባሉ፣ ካይሮ ውስጥ ታመው ወደቁ። በወጣትነታቸው ከአገር ወጥተው ኢየሩሳሌምን፣ ሶርያን፣ ፋርስን፣ ሕንድን ያዳረሱ ናቸው፤ ሕንድ ላይ ዝነኛውን የቋንቋ ሊቅ ዊልያም ጆንስን እንዳስተማሩም ይነገራል። ከዚያ ሁሉ ጉዞ በኋላ በባዕድ ከተማ ያለ ጠያቂ ሊሞቱ ደርሰው ነበር። ያነሣቸው የፈረንሳይ ቆንስላ ሰው የነበረው አሰላን ደ ሼርቪል ነው። አስታመማቸው፤ ሲያገግሙ ምን ያህል የተማሩ ሰው እንደሆኑ ተረዳ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ለማመን ያስቸግራል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ ቆንስሉ በሩን ለሌላ ባለጉዳይ ዘግቶ ከሽማግሌው ጋር ይቀመጣል። አንዱ ከዐረብኛው ያነባል፣ የከበደውን ከዕብራይስጡና ከሱርስቱ እያመሳከረ ያስረዳል፤ ሌላኛው በአማርኛ ይጽፋል። ይህን ለአሥር ዓመት ቀጠሉ። መጽሐፍ ቅዱስ በሙሉ ወደ አማርኛ ተተረጎመ፤ 9,539 ገጽ፣ ሁሉም በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈ። ለቆንስሉ ከመንግሥቱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልተላለፈለትም፤ የናፖሊዮን ጦርነቶች አውሮፓን በሚያምሱበት ዘመን ፓሪስ ስለ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ የምታስብበት ጊዜ አልነበራትም።

ሥራው ሲያልቅ አቡ ሩሚ እንደገና ኢየሩሳሌም ሊሳለሙ ሄዱ። ወደ ካይሮ ሲመለሱ ወረርሽኝ ገብቶ ጠበቃቸው፤ ሞቱ። ከጻፉት አንዲት ገጽ እንኳ ስትታተም አላዩም። በ1820 እንግሊዛዊው ዊልያም ጆዌት ጥራዙን ለእንግሊዝና ለባሕር ማዶ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ወንጌሎቹ በ1824፣ ሐዲስ ኪዳኑ በ1829፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። በኋላ ክራፕፍና ሌሎች እያረሙት፣ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ ብዙ አማርኛ አንባቢ ዘፍጥረትንና ማቴዎስን ያነበበው አንድ ታማሚ መንገደኛና አንድ የቆንስላ ሰው ማክሰኞ ማክሰኞና ቅዳሜ ቅዳሜ በሠሩት ቃል ነው።